የኮርኒያ የፈንገስ ቁስለትን መለየት፦ ከአውድማው ታሪክ እስከ ማይክሮስኮፑ

በታኅሣሥና በጥር፣ አውድማው ላይ መንሹ ገለባውን ሲያነሣና ነፋሱ እብቁን ሲጠርግ፣ ወደ ዓይን ክፍል የሚመጡት ሰዎች ታሪክ መመሳሰል ይጀምራል። አንድ ነገር ዓይናቸውን ወጋቸው፤ በውኃ ታጠቡት፤ ትንሽ ቀላ፤ ይተወኛል ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበት፣ ብርሃን ማየት አስጨንቋቸው፣ ከቅርብ መድኃኒት ቤት የተገዛ ጠብታም ተጨምሮበት ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን ዓይን የያዘው ባክቴሪያ ይሁን ፈንገስ ሳይለይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ዓይኑን ያስከፍላል፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራምና።

ይህ መመሪያ ለዓይን ነርሶች፣ ለኦፕቶሜትሪስቶች፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ገና በሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞች የተጻፈ ነው። የሚጠይቀው መሣሪያ አብዛኛው በማንኛውም ሆስፒታል የሚገኝ ሲሆን፣ እርሱም መርፌ፣ ስላይድ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና ተራ ማይክሮስኮፕ ነው። ለራሱ ዓይን ብሎ የሚያነብ ሰው ካለ ግን ከዚህ ጽሑፍ የሚበቃው አንድ ነገር ነው፦ ዓይንዎ ቆስሎ ከሆነ ምንም ጠብታ ሳይጨምሩበት በዚያው ቀን የዓይን ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ ይሂዱ።

ፈንገሱ በየት ይገባል?

ኮርኒያ ከዓይናችን ፊት ያለው ጥርት ያለ መስታወት መሰል ሽፋን ነው። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን የራሱ የደም ሥር የለውም። ላዩን የሸፈነው ኤፒተሊየም ደኅና እስከሆነ ድረስ በአፈር፣ በገለባና በቅጠል ላይ የሚኖሩት ክር መሰል ፈንገሶች ዘልቀው መግባት ይቸገራሉ። ገለባ፣ የገብስ ጢም ወይም የእሾህ ጫፍ ያንን ሽፋን ሲጭረው ግን በሩ ይከፈታል፤ ብዙ ጊዜም የጫረው ነገር ራሱ ፈንገሱን ይዞ ይገባል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቴዎዶር ሌበር በ1879 እ.ኤ.አ. ይህን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገልጽ፣ ሕመምተኛው እህል ሲወቃ የአጃ ገለባ ዓይኑን የመታው ገበሬ ነበር፤ ከቁስሉም የተገኘው አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ ነው። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ አልፎም ታሪኩ በእኛ አውድማ ያው ነው።

በሞቃት አገሮችና በግብርና በሚተዳደሩ አካባቢዎች በብዛት የሚገኙት ፉዛሪየምና አስፐርጊለስ ናቸው። እርሾ መሰሉ ካንዲዳ ደግሞ ቀድሞ የተጎዳ ዓይንን ይመርጣል፤ ለምሳሌ ቆቡ የማይገጥም፣ የደረቀ ወይም ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ ጠብታ ሲገባበት የቆየ ዓይንን። በአገራችን በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር ኮርኒያውን ቀን ከሌት ስለሚፍቅ፣ ገለባ ሳይነካው ለቁስለት የተዘጋጀ ዓይን ብዙ ነው። በሌላው ዓለም ከኮንታክት ሌንስ (ዓይን ላይ ከሚለጠፍ ሌንስ) ተጠቃሚዎች መካከልም ይህ በሽታ አለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ከዓለም ገበያ እስከ መሰብሰብ የደረሰው በፉዛሪየም ምክንያት ነበር። በዓለም ዙሪያ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደሚያዙ ይገመታል።

ደረጃ አንድ፦ ታሪኩን መጠየቅ

መቼ፣ በምን፣ የት ተመታ የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። «መድኃኒት ተጠቅመዋል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ «አልተጠቀምኩም» ይሆናል፤ ለብዙ ሰው መድኃኒት ማለት ሐኪም ያዘዘው ነውና። «አባባ፣ ለዓይንዎ ምን አደረጉለት?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ የጠየቅኋቸው አዛውንት «ምንም» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጃቸው ግን «አባዬ፣ ያቺን ጠብታ ንገራቸው እንጂ» አለና፣ ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው በፌስታል የተጠቀለለች ጠርሙስ አወጡ። አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ የተቀላቀሉባት ነበረች። ስቴሮይዱ ቅላቱንና ሕመሙን ለጥቂት ቀን ስለሚያስታግስ ሰውየው የተሻላቸው መስሏቸው ነበር፤ ፈንገሱ ግን የሰውነት መከላከያ ተይዞለት ወደ ጥልቅ ገብቶ ቆየ። ስለዚህ ጠርሙሱን ወይም ካርቶኑን በዓይንዎ ሳያዩ ታሪኩን አይዝጉ። የቅጠል ጭማቂ፣ የእናት ጡት ወተትና ሌላ ባህላዊ ነገር መግባቱንም ያለ ቁጣ ይጠይቁ፤ የተቆጡት ሰው ሁለተኛ አይነግርዎትም።

የጊዜው ርዝመትም ይናገራል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ተጣድፎ መግል የሞላው ቁስለት ወደ ባክቴሪያ ያመዝናል፤ የፈንገሱ አካሄድ ብዙ ጊዜ ቀስ ያለና የሳምንታት ነው። የስኳር በሽታና የኤችአይቪ ሁኔታም ይመዝገብ።

ደረጃ ሁለት፦ ማየትና መለካት

በመጀመሪያ የሁለቱም ዓይኖች የማየት አቅም ለየብቻ ይለካ። ፊደሉን ማየት ካልቻሉ ጣት መቁጠር፣ እርሱም ካልሆነ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ብርሃን መለየት ይመዝገብ። ማደንዘዣ ጠብታ ከመግባቱ በፊት በቀጭን የጥጥ ክር ኮርኒያውን ከጎን በኩል ነካ በማድረግ ስሜቱን ከሌላው ዓይን ጋር ያወዳድሩ። ስሜቱ የቀነሰ ከሆነ የሄርፒስ ቫይረስ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ይሆናል፤ ማደንዘዣው ከገባ በኋላ ግን ይህ ምርመራ አይመለስም። የዓይኑ ቆብ መግጠሙን፣ የተቀለበሰ ፀጉር መኖሩን፣ የእንባ ከረጢቱም ሲጫኑት መግል የሚያወጣ መሆኑን ይመልከቱ።

ከዚያ በስሊት ላምፕ (ዓይንን በቀጭን ብርሃን አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ)፣ እርሱ ከሌለ በጥሩ ባትሪና በማጉያ መነጽር ቁስሉን ይመርምሩ። ወደ ፈንገስ የሚያመላክቱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ እንደ ላባ የተበጣጠሰና ወደ ደኅናው ክፍል የሚሾልክ ጠርዝ፤ ደረቅና ከፍ ያለ፣ የደረቀ አይብ የመሰለ ገጽ፤ ከዋናው ቁስል ተለይተው የሚታዩ ትናንሽ ነጠብጣቦች፤ ከኮርኒያው ጀርባ የተለጠፈ ነጭ ንጣፍ። በዓይኑ የፊት ክፍል ግርጌ የተቀመጠ መግልም ይኖራል፤ ይህ ግን በባክቴሪያም ስለሚመጣ ብቻውን አይለይም። ቀለሙ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ እንደ ከርቩላሪያ ያሉ ባለቀለም ፈንገሶችን ያስቡ።

እነዚህን ምልክቶች አጥንቶ «በዓይኔ አውቀዋለሁ» የሚል ባልደረባ በየቦታው አለ። በአንድ ጥናት የተበጣጠሰ ጠርዝ፣ ከፍ ያለ ገጽና ከቢጫ ውጭ የሆነ ቀለም ከሚሉት ሦስት ምልክቶች አንዱ ሲገኝ ፈንገስ የመሆኑ ዕድል ከመቶ 63፣ ሦስቱም ሲገኙ ከመቶ 83 ነበር። በሌላ ጥናት ደግሞ የኮርኒያ ስፔሻሊስቶች ፎቶግራፍ ብቻ አይተው ባክቴሪያውን ከፈንገሱ የለዩት ከመቶ 66 ያህሉን ነው። ሳንቲም ወርውሮ መገመት 50 እንደሚሰጥ እያሰብን፣ በዚህ ቁጥር ላይ ተደግፎ የሰው ዓይን መድኃኒት መምረጥ ድፍረት ነው። ምልክቱ ለጥርጣሬ ይበቃል፤ ለውሳኔ ግን ናሙና ያስፈልጋል።

የተላጠውን ቦታ የሚያቀልመውን ንጹሕ የፍሎረሲን ወረቀት ነክተው በሰማያዊ ብርሃን የተላጠውን ክፍል በረጅሙና እርሱን በሚያቋርጠው ስፋቱ በሚሊሜትር ይለኩ፤ ከሥሩ ያለውን ነጭ ክፍልም ለብቻው ይለኩት። ጥልቀቱን፣ የሳሳ ቦታ መኖሩንና የመግሉን ከፍታ ጨምረው በካርዱ ላይ ይሳሉት። ዛሬ ያልተለካ ቁስል ከሦስት ቀን በኋላ «ትንሽ የተሻለ ይመስላል» ከማለት ያለፈ መረጃ አይሰጥም። ቀለሙ ከአንድ ነጥብ እየታጠበ የሚወርድ ፈሳሽ ካሳየ ኮርኒያው ተበስቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ዓይን አይጫኑ፣ አይፋቁ፤ በጠንካራ መከለያ ሸፍነው በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ይላኩ። ለመበሳት የተቃረበ በጣም የሳሳ ቁስልም እንደዚሁ ነው።

ደረጃ ሦስት፦ ናሙና መፋቅ

ናሙናው በተቻለ መጠን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። ከሕመምተኛው በፊት ጠረጴዛው ይዘጋጅ፦ የሕመምተኛው መለያና ቀን የተጻፈባቸው ሁለት ወይም ሦስት ንጹሕ ስላይዶች፣ ከተገኘም ባክቴሪያና ፈንገስ የሚበቅሉባቸው ብለድ አጋርና ሳቡሮ አጋር፣ እንዲሁም 21 ቁጥር መርፌዎች ወይም የኪሙራ ስፓቱላ (ትንሽ የብረት መፋቂያ)። በስላይዱ ጀርባ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ክብ ይሥሩ፤ ናሙናው በጣም ትንሽ ስለሆነ ያለ ምልክት በማይክሮስኮፕ ሥር መፈለግ መርፌን ከገለባ መካከል እንደ መፈለግ ይሆናል። ብረት ስፓቱላ ከሆነ እስኪግል አሙቀው በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ለሕመምተኛው ምን እንደሚደረግ ይንገሩ፦ «ዓይንዎ ይደነዝዛል፤ ሲነካ ይሰማዎታል እንጂ አያምዎትም፤ በሌላው ዓይንዎ ጣሪያው ላይ ያለችውን ነጥብ ይመልከቱ።» ይህች አንዲት ነጥብ ብዙ ዓይን አድናለች፤ ዓይኑ ከዞረ መርፌው ያልታሰበበት ቦታ ይገባልና።

ማደንዘዣው ከሠራ በኋላ ላዩ ላይ የተኛውን ልጋግና የላላ ቆሻሻ በንጹሕ ጥጥ አንሥተው ይጣሉት፤ ከእርሱ ውስጥ የሚገኘው የሞተ ሴልና የገጽ ባክቴሪያ ነው። ከዚያ ከቁስሉ ጠርዝ፣ በተለይ ወደ ደኅናው ክፍል ከሚስፋፋው ጫፍ፣ ቀጥሎም ከመሠረቱ ይፋቁ። መርፌው ወደ ውስጥ ሳይሆን ጋደም ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ፈርቶ መሃሉን ብቻ መላስ ነው፤ ፈንገሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥልቀትና በጠርዝ ነው ያለው።

መጀመሪያ የተፋቀው ናሙና ባክቴሪያን በቀለም ለሚያሳየው የግራም ስላይድ፣ ሁለተኛው ለፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስላይድ፣ የቀሩት ለአጋሮቹ ይሁኑ፤ ለእያንዳንዱም አዲስ መርፌ ይጠቀሙ። አጋሩ ላይ የ«ሐ»ን ቅርጽ ወይም ቅስት እየሠሩ ገጹን ሳይቀዱ ያስምሩ፤ ምክንያቱ በኋላ ይታያል። ናሙናው ለሁሉም ካልበቃ አንድ ስላይድና አንድ አጋር ይበቃሉ።

ደረጃ አራት፦ ማይክሮስኮፑ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ በዕለቱ መልስ የሚሰጠው ይህ ክፍል ነውና።

10 ከመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ለማዘጋጀት 10 ግራሙን ወደ ውኃው ጨምረው እያማሰሉ ያሟሙትና መጠኑን 100 ሚሊሊትር ያድርሱት። ሲሟሟ ይሞቃል፣ ቆዳንና ዓይንንም ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ይልበሱ። ክዳኑ በሚገባ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ያስቀምጡት። አንድ ጠብታ በናሙናው ላይ አድርገው በከቨር ስሊፕ (በስሱ የመስታወት ክዳን) ይክደኑና ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ፈሳሹ የኮርኒያውንና የመግሉን ሴሎች ሲያሟሟ የፈንገሱ ግድግዳ ግን ይቋቋመዋል፤ የምርመራው ምሥጢር ይኸው ነው።

ከስላይዱ ሥር ብርሃኑን የሚሰበስበውን ኮንደንሰር ዝቅ፣ ብርሃኑንም ቀነስ ያድርጉ። ብርሃን የበዛበት ማይክሮስኮፕ ቀለም ያልገባበትን ፈንገስ ይውጠዋል። በ10 ሌንስ ክቡን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ይቃኙ፤ የተጠረጠረውን በ40 ያረጋግጡ። የሚፈለገው ሃይፋ፣ ማለትም የፈንገሱ ክር፣ ግድግዳዎቹ ጎን ለጎን እኩል የሚሄዱ፣ ወርዱ ከዳር እስከ ዳር ያልተለወጠ፣ በየመሃሉ ክፍልፋይ ያለው፣ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ክር ነው። ካንዲዳ ከሆነ ክብ ወይም ሞላላ፣ ከጎናቸው እንቡጥ የሚያወጡ ሴሎች ይታያሉ። ሁለት ግድግዳ ያላቸውና ውስጣቸው ማዕዘን የሚሠሩ ክቦች ካዩ ደግሞ አካንታሚባ የተባለውን ባለ አንድ ሴል ተሕዋስ ያስቡ፤ እርሱ ፈንገስ አይደለም፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

የሚያታልለው የጥጥ ክር ነው። በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ስላይድ ላይ የሚያምር ረጅም ክር አይቼ «ሃይፋ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከእኔ የቆየ የላቦራቶሪ ባለሙያ አይቶት፣ «ይሄ የማን ጋዋን ነው?» አለኝ። ክሩ ክፍልፋይ አልነበረውም፣ ወርዱ እየሰፋ እየጠበበ ይሄድ ነበር፣ ከናሙናው ላይ ተጋድሞ እንጂ ከውስጡ የወጣ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ክር ብቻ ካየሁ ሌላ እስካገኝ ድረስ አልጽፍም። ክሪስታልና ያልሟሙ የሴል ድንበሮችም እንዲሁ ያሳስታሉ፤ ጥርጣሬ ካለ ስላይዱን ለተጨማሪ ጊዜ አስቀምጠው እንደገና ይዩት፤ የሴል ድንበር ይጠፋል፣ ሃይፋ ይቀራል።

የግራም ስላይዱ ባክቴሪያ መኖሩን ይነግራል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ቁስለት አለና አንዱን አግኝቶ ሌላውን መፈለግ መተው አይገባም። እርሾዎች በግራም ሐምራዊ ሆነው ይታያሉ፤ ሃይፋ ግን ቀለሙን በደንብ ላይቀበል ስለሚችል ባዶ ጥላ መስሎ ያልፋል። ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ያለው ላቦራቶሪ ካልኮፍሉር ኋይት የተባለውን ቀለም ቢጠቀም ክሩ በጨለማ ውስጥ እየበራ ስለሚታይ ሥራው ይቀላል።

ደረጃ አምስት፦ ማብቀል

ሳቡሮ አጋሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ብለድ አጋሩ ከ35 እስከ 37 ይቀመጥ። ባክቴሪያን ለመከላከል በሳቡሮው ውስጥ ክሎራምፊኒኮል መኖሩ ችግር የለውም፤ ለቆዳ ፈንገስ የሚዘጋጀውና ሳይክሎሄክሲማይድ ያለበት አጋር ግን ዓይን የሚያጠቁትን ፈንገሶች ስለሚያግድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በየቀኑ ይመልከቱ። ብዙው በጥቂት ቀናት ይበቅላል፤ «የለም» ለማለት ግን ሁለት፣ ከተቻለም ሦስት ሳምንት ይጠበቅ። ፉዛሪየም ነጭ ጥጥ መስሎ ወደ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ይወስደዋል፤ በማይክሮስኮፕም ታንኳ የመሰሉ ስፖሮች ይኖሩታል። አስፐርጊለስ ፍላቨስ ወደ ቢጫማ አረንጓዴ ያደላል።

የቅስቱ ምክንያት እዚህ ይገለጣል። የበቀለው ባሰመሩት መስመር ላይ ከሆነ ከዓይኑ የመጣ ነው፤ ከመስመሩ ውጭ ብቻውን የበቀለ ሻጋታ ግን ብዙ ጊዜ ከአየር የወደቀ ነው። በሁለት አጋር ላይ አንድ ዓይነት ከበቀለ፣ ወይም በስላይዱ ከታየው ጋር ከተስማማ ይታመናል።

ውጤቱ «ምንም አልታየም» ሲል

አሉታዊ ስላይድ ፈንገስን አያስቀርም፤ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ምርመራ የማግኘት አቅም እንደ መርማሪውና እንደ ቦታው በጣም ይለያያል። ቁስሉ በአንቲባዮቲክ እየባሰ ከሄደና የሕመምተኛው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ሐኪሙ ጠብታዎቹን ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት አቁሞ እንደገና መፋቅ ይችላል። ቁስሉ ጥልቅ ሆኖ ላዩ የተዘጋ ከሆነ መፋቅ አይደርስበትምና በቀዶ ሕክምና ክፍል ከኮርኒያው ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። ኮርኒያውን ሳይፋቁ የሚያሳየው የኮንፎካል ማይክሮስኮፕና የተሕዋሱን ዘረመል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ በትልልቅ ማዕከላት ይረዳሉ፤ የሚገኙበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ እነርሱን እየጠበቁ ተራውን ምርመራ መዝለል አይገባም።

ፈንገስ መሆኑ ሲረጋገጥ

ሕክምናው የዓይን ሐኪም ነው። መድኃኒቱ በቀዳሚነት 5 ከመቶ ናታማይሲን ሲሆን፣ በህንድ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ከሆነው ከቮሪኮናዞል ጠብታ በተለይ በፉዛሪየም ላይ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካትቶታል። በዚያ ጥናት ለመጀመሪያው ሳምንት በነቁበት ጊዜ ሁሉ በየሰዓቱ ይጨመር ነበር። ለሕመምተኛው ጠርሙሱን ከመጠቀሙ በፊት እንዲነቀንቅ ይንገሩት፤ መድኃኒቱ በፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፈ ዱቄት ስለሆነ ካልተነቀነቀ ከላይ ያለው ውኃ ብቻ ይገባል። ስቴሮይድ ያለበት ማንኛውም ጠብታ ይቁም፤ ዓይኑም በፋሻ አይታሰር።

ሕመምተኛው ለቀጠሮ ሲመለስ የቀድሞውን ሥዕል አውጥተው በዚያው መንገድ ይለኩ። የጠርዙ ላባ መጥፋትና መደብዘዝ፣ የነጠብጣቦቹ መጥፋት፣ የመግሉ መቀነስ የመሻል ምልክቶች ናቸው። የላይኛው ሽፋን መዘጋቱ ብቻውን ግን አያስደስት፤ ፈንገሱ ከሥሩ ሊቀጥል ይችላል፣ መድኃኒቱም በተዘጋ ሽፋን ውስጥ በቀላሉ አያልፍም። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ናታማይሲን በቁስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚረጋ፣ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ነጭ ነገር አይተው ከመደንገጥዎ በፊት በእርጥብ ጥጥ ነካ ያድርጉት፤ ተጠርጎ ከተነሣ መድኃኒቱ ነው፤ ካልተነሣ መርፌውንና ስላይዱን እንደገና ያዘጋጁ።